የእንግሊዝኛ የሕፃናት መዝሙሮች ሰቅጣጭ መነሻ ላይ መጽሐፍ ለመጻፍ፦ ምርምሩ ከየት ይጀመራል?

የሶስና እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የመጀመሪያ መጽሐፌን ለመጻፍ እየተዘጋጀሁ ነው። ጉዳዩ ልጆቻችን በመዋዕለ ሕፃናት በየቀኑ የሚዘምሯቸው የእንግሊዝኛ መዝሙሮች ከየት እንደመጡ ነው፤ በተለይ ከጀርባቸው ወረርሽኝ፣ ግድያ፣ የንጉሥ ግፍ አለባቸው የሚባሉት። መጽሐፉ በአማርኛ ነው። የማስበው አንባቢ አሜሪካና እንግሊዝ ያለ አበሻ ወላጅ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ልጁን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ወላጅ ነው።

ሠላሳ ያህል መዝሙሮች ከነታሪካቸው ከኢንተርኔት ሰብስቤአለሁ። ችግሩ ሁሉም ድረ ገጽ አንዱን ታሪክ መደጋገሙ ነው፤ ከየት እንዳገኘው የሚናገር የለም። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። አንድ የመነሻ ታሪክ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ልጣለው ወይስ ልጻፈው? መዝሙሮቹንና የድሮ ሥዕሎችን ለማተም የማንን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ? የሕትመቱን ነገር የምታውቁም ካላችሁ ንገሩኝ።

ባለ ማኅደር፦

እኅቴ፣ ከየት እንዳገኘው የሚናገር የለም ያልሽው ነገር ራሱ የመጽሐፍሽ መግቢያ በር ነው።

ለእያንዳንዱ መዝሙር ሁለት ዓመት ፈልጊ። አንደኛው መዝሙሩ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘበት ነው። ሁለተኛው «ይህ መዝሙር ስለዚህ ነገር ነው» የሚለው ትርጓሜ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘበት ነው። ብዙ ጸሐፊ አንደኛውን ይፈልግና እዚያው ያቆማል፤ ሁለተኛውን የሚፈልግ በጣም ጥቂት ነው። ሁለቱ ዓመቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አብዛኛው ታሪክ ወዲያው ይለያል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንቺም መግቢያሽ ላይ ይህን ተናግረሽ እስከ መጨረሻው አንዱን አቆጣጠር ያዢ።)

ሁሉም የሚያውቀውን «ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ»ን እንውሰድ። ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ መዝሙሩ በ1665 ለንደንን ስለፈጀው ወረርሽኝ ነው፤ ጽጌረዳው የቆዳ ሽፍታ፣ በኪስ የሚያዘው አበባ የሽታ መከላከያ፣ ማስነጠሱ የበሽታው ምልክት፣ መውደቁ ሞት ነው።

አሁን ጽሑፉን ተመልከቺ። በ1855 አሜሪካ በታተመ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ልጆች ሲጫወቱት ይገኛል፤ እዚያ ማስነጠስም መውደቅም የለም። እንግሊዝ ውስጥ በሰፊው የታወቀው ሕትመት ኬት ግሪናዌይ በ1881 ሥዕል የሠራችበት መጽሐፍ ነው። እዚያ ያለው ሦስተኛ ስንኝ ልጅን ዝም ለማሰኘት እንደምንለው «እሽ! እሽ! እሽ! እሽ!» የሚል ነው፤ አራት ጊዜ። የሚያስነጥስ ሰው የለም። በ1883 ዊልያም ዌልስ ኒዌል የአሜሪካ ልጆችን ጨዋታዎች ሲያሳትም በማሳቹሴትስ ኒው ቤድፎርድ በ1790 ገደማ ይዘፈን ነበር ያለውን አስገብቷል፤ በዚያኛው በኪስ አበባ መያዙ ቀርቶ በጠርሙስ ነው፣ የሚወድቅም የለም። በጀርመንም ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ዘመዱ የሆነ የክብ ጨዋታ ተመዝግቧል። ስለዚህ ወረርሽኝን ለማስረዳት የግድ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች፣ ማስነጠሱና ሞት የተባለው መውደቅ፣ በድሮዎቹ ቅጂዎች ውስጥ ጭራሽ የሌሉ ወይም አንዱ ብቻ ያለ ናቸው።

በበሽታው በኩልም አይገጥምም። የዚያ ወረርሽኝ ዋና ምልክት በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት የሚወጣ እብጠት ነው። ክብ ቀይ ሽፍታና ማስነጠስ የበሽታው መለያ አይደሉም። ሳሙኤል ፒፕስ በ1665 ለንደን ውስጥ በየቀኑ ማስታወሻ ሲጽፍ ነበር፤ እሱም ስለ መዝሙሩ ያለው ነገር የለም። የ19ኛው መቶ ዘመን ሰብሳቢዎች መዝሙሩን ሲያሳትሙ ወረርሽኝን አያነሡም። ትርጓሜው በሰፊው የተሠራጨው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በወረርሽኙና በ1855ቱ ጽሑፍ መካከል 190 ዓመት፣ ከዚያም ትርጓሜው እስኪሠራጭ ሌላ መቶ ዓመት ገደማ አለ ማለት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የመዝሙሩን የራውድ ቁጥር ፈልጊ። ስቲቭ ራውድ ያዘጋጀው የባህላዊ ዘፈኖች ማውጫ ነው፤ ለንደን ሴሲል ሻርፕ ሃውስ ያለው የቮን ዊልያምስ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ በነፃ ያቀርበዋል። «ሪንግ ኤ ሪንግ» 7925፣ «ለንደን ብሪጅ» 502፣ «ባ ባ ብላክ ሺፕ» 4439፣ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» 13026 ናቸው። የቁጥሩ ጥቅም የመዝሙሩ አርእስት ከቦታ ቦታ ቢለያይም ቅጂዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ማምጣቱ ነው። ሁለተኛ፣ አዮናና ፒተር ኦፒ በ1951 በኦክስፎርድ ያሳተሙትን መዝገበ መዝሙር ያዢ፤ ከ500 በላይ መዝሙሮች ከነመጀመሪያ ሕትመታቸው አሉበት። ሦስተኛ፣ እነሱ የጠቆሙትን መጽሐፍ ፎቶ ኢንተርኔት አርካይቭ ወይም ሃቲ ትረስት በተባሉት የመጻሕፍት ድረ ገጾች ላይ ከፍተሽ በዓይንሽ እዪ። አንድ ሰው በተሳሳተ ዓመት የጻፈውን አሥር ሰው የሚገለብጠው ይህ እርምጃ ስለሚዘለል ነው።

ትርጓሜውን ስትፈልጊ ሁለት ወጥመድ አለ። ጉግል ቡክስ ላይ የመጽሔት ጥራዞች ብዙ ጊዜ የሚመዘገቡት መጽሔቱ በተመሠረተበት ዓመት ነው፤ የ1950ዎቹ ጽሑፍ የ1880ዎቹ መስሎ ይወጣል። የጥራዙን የርእስ ገጽ ፎቶ ሳታዪ ዓመቱን አትቀበዪ። ሌላው የፊደል ነገር ነው፦ እስከ 1800 ገደማ ድረስ በእንግሊዝኛ ሕትመት ረጅሙ «ኤስ» ከ«ኤፍ» ጋር ስለሚመሳሰል ኮምፒውተሩ አንዱን በሌላው ያነበዋል። ስለዚህ የ18ኛ መቶ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ «ኤስ» ያለበትን ቃል ስትፈልጊ አንድ ጊዜ በትክክለኛው፣ አንድ ጊዜ በ«ኤፍ» ተክተሽ ፈልጊ። አርእስቱንም ብቻ አትፈልጊ፤ የተለያዩትን ስንኞች እየለዋወጥሽ ፈልጊ።

አንድ ጥንቃቄ። መጀመሪያ የታተመበት ዓመት የተወለደበት ዓመት አይደለም። የልጅ ጨዋታ ሳይጻፍ ረጅም ዘመን በአፍ ሊኖር ይችላል። «ከዚያ በፊት አልነበረም» ብለሽ አትጻፊ፤ «ከዚያ በፊት በጽሑፍ አልተገኘም» በዪ። ይህን የማይለይ መጽሐፍ ሌሎቹ የሠሩትን ስሕተት በተቃራኒው ይደግማል።

ኅዳግ፦

ከባለ ማኅደር ጋር በዘዴው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው የትኛው መዝሙር ምዕራፍ እንደሚሆን ነው፤ ሠላሳውንም እኩል አታስኪጂያቸው። እንደሚከተለው ብትለያቸው ሥራው ይቀልልሻል።

በዓመት ብቻ የሚወድቁ አሉ። «ጃክ ኤንድ ጂል» የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛና ንግሥቲቱ ማሪ አንቷኔት ናቸው ይባላል፤ ሁለቱም አንገታቸው የተቆረጠው በ1793 ነው፣ መዝሙሩ ግን ከዚያ በፊት በለንደኑ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ በጆን ኒውበሪ ቤት በተዘጋጀው ስብስብ ውስጥ አለ፤ ስብስቡም የ1760ዎቹ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል።

በቃሉ የሚወድቁ አሉ። «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በ1648 በኮልቼስተር ከበባ ከግንብ ላይ የወደቀ መድፍ ነው የሚለው ታሪክ የሚቆመው «የንጉሡ ፈረሶችና የንጉሡ ሰዎች» በሚለው ስንኝ ላይ ነው። ሳሙኤል አርኖልድ በ1797 ያሳተመው ቅጂ ግን ንጉሥም ፈረስም የለበትም፤ ሰማንያ ሰውና ሌላ ሰማንያ ሰው ሊመልሰው አልቻለም ነው የሚለው። የጦር መሣሪያ ነው የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከ1956 ነው የሚነሣው፤ ዴቪድ ዶብ የተባሉ የሕግ ምሁር በኦክስፎርድ መጽሔት ላይ በጨዋታ መልክ የግሎስተር ከበባ መሣሪያ ነው ብለው ጻፉ፣ በኋላ ወሬው ከተማ ለውጦ ኮልቼስተር ገባ። መዝሙሩ በመሠረቱ መልሱ «እንቁላል» የሆነ እንቆቅልሽ ነው። ለአበሻ አንባቢ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ያደገ ነው።

ሆን ተብለው የተፈጠሩም አሉ፤ እነዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። «ሲንግ ኤ ሶንግ ኦፍ ሲክስፔንስ» የባሕር ወንበዴው ብላክቢርድ ሰው የሚመለምልበት ምሥጢራዊ ቃል ነበር የሚለውን የፈጠረው ስኖፕስ የተባለው ወሬ አጣሪ ድረ ገጽ ራሱ ነው። አንባቢ ታዋቂ ስም ያለበትን ነገር ሁሉ እንዳያምን ለማስተማር ከሌሎች የፈጠራ ታሪኮች ጋር አንድ ላይ አስቀመጠው፤ ሌሎች እንደ እውነት ወሰዱት። ያንቺ ስብስብ ውስጥም ሳይኖር አይቀርም። የሚገርመው የመዝሙሩ እውነተኛ መነሻ ሊሆን የሚችለው ነገር ከወንበዴው የበለጠ ይጥማል፦ በ1598 ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የጣሊያን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲቆረጥ በሕይወት ያሉ ወፎች ከውስጡ የሚበርሩበት ፓይ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። ሊጡ አስቀድሞ ባዶውን ይጋገራል፣ ወፎቹ በኋላ ከሥር ይገባሉ፣ ማዕድ ላይ ሲከፈት ይወጣሉ። ለግብዣ ጨዋታ ነበር እንጂ ለመብል አይደለም።

ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ግምት የሆነውን ደግሞ በዝርዝር ጻፊው። «ባ ባ ብላክ ሺፕ» ስለ 1275ቱ የሱፍ ግብር ነው ይባላል። ግብሩ እውነት ነው፤ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ወደ ውጭ በሚላክ በእያንዳንዱ ጆንያ ሱፍ ላይ 6 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ጣለ። ጆንያው 364 ፓውንድ ይመዝን ነበር፤ ወደ 165 ኪሎ መሆኑ ነው። ትርጓሜው ከመዝሙሩ ሦስት ጆንያ አንዱ ለንጉሡ ይሄድ ነበር ይላል፤ የጆንያው ዋጋ ግን ከግብሩ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ግብሩ ከሦስት አንዱን አይወስድም፤ መዝሙሩ ደግሞ ከ1744 ገደማ በፊት በጽሑፍ አይገኝም፣ በመካከሉ ወደ 470 ዓመት አለ። ስለ ባሪያ ንግድ ነው ለሚለውም ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን የቅጂዎቹን መጨረሻ እዪ፦ ዛሬ ልጆቻችን እንደ 1744ቱ ቅጂ «አንዱ በመንደሩ ለሚኖረው ትንሽ ልጅ» ይላሉ፤ የ1760ዎቹ ነው በሚባለው በኒውበሪ ስብስብ ውስጥ ያለው ግን «በመንገድ ለሚያለቅሰው ልጅ ግን ምንም» ነው። ያቺ አንዲት ስንኝ ብቻዋን ምዕራፍ ትሸከማለች። ልጁ መጀመሪያ ድርሻ ነበረው፣ በኋላ ቀረበትና አለቀሰ፣ ዛሬ ደግሞ ድርሻው ተመልሶለታል። ንጉሥና ባሪያ ፈንጋይ ሳትፈልጊ ጨካኙ ነገር ገጹ ላይ አለ።

«ለንደን ብሪጅ»ም እንዲሁ ነው። ድልድዩ እንዲቆም ሕፃን በሕይወቱ መሠረቱ ውስጥ ተቀበረ የሚለው በ1890ዎቹ አሊስ ጎም ባሳተመችው የጨዋታዎች መዝገብ ውስጥ የቀረበ ግምት ነው፤ ከድልድዩ መሠረት የሕፃን አጽም አልወጣም። የኖርዌው ኦላፍ በ1014 ድልድዩን አፈረሰ የሚለውም ማስረጃ የሚመስለው ስለ እሱ የሚናገረው የጥንት የኖርዲክ ጽሑፍ በ1844 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ተርጓሚው የመዝሙሩን ቃል ስለተዋሰ ነው። ሐሰቱን ካነሣሽ በኋላ ግን ባዶ እጅሽን አትቀሪም። ከ1305 ጀምሮ፣ ከስኮትላንዱ አርበኛ ከዊልያም ዋላስ አንሥቶ፣ ከሃዲ የተባሉ ሰዎች ጭንቅላት በድልድዩ በር ላይ በእንጨት ተሰክቶ ይታይ ነበር፤ በ1535 የንጉሡ ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው የቶማስ ሞርም ተሰቅሏል። ይህ በመዝገብ ያለ ነው፤ የመዝሙሩ መነሻ ነው ሳትዪ የድልድዩ ታሪክ ብለሽ ጻፊው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ሁሉ ታዋቂ ታሪኮች ሲፈተሹ እየላሉ ይሄዳሉ። እውነተኛውና በማስረጃ የቆመው ጭካኔ ግን ቅርብ ነው፣ የ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ መድረክ ላይ ነው። ልጆች ቁጥር የሚማሩበት «ቴን ሊትል ኢንዲያንስ» በ1868 ሴፕቲመስ ዊነር የጻፈው የመድረክ ዘፈን ነው፤ አሥር ልጆች አንድ በአንድ እየሞቱና እየጠፉ ያልቃሉ። በቀጣዩ ዓመት ፍራንክ ግሪን የተባለ እንግሊዛዊ ጥቁሮችን በሚሰድበው ቃል ለውጦ ፊታቸውን ከሰል ቀብተው በጥቁር ሰው ለሚያሾፉ ነጭ ተዋንያን ጻፈው። «ጂሚ ክራክ ኮርን»ም የ1840ዎቹ የእንደዚያው ዓይነት መድረክ ዘፈን ነው፤ ባሪያ የጌታውን ዝንብ ሲከላከል ዝንቡ ፈረሱን ይነድፈዋል፣ ፈረሱ ጌታውን ጥሎ ይገድለዋል፣ ባሪያውም «ግድ የለኝም» ይላል። የልጆች መቁጠሪያ የሆነው «ኢኒ ሚኒ ማይኒ ሞ» አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን የሚዘመረው በዚያው የስድብ ቃል ነበር፤ ሄንሪ ቦልተን በ1888 ባሳተመው የመቁጠሪያ ግጥሞች ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ልጁን ሜሪላንድ ወይም ሚኔሶታ መዋዕለ ሕፃናት የሚልክ አበሻ ስለ 1665 ወረርሽኝ ከማወቁ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዋል። ጸሐፊው፣ ዓመቱ፣ የተሸጠው የኖታ ወረቀት፣ ሁሉም አለ። የኖታ ወረቀቶቹን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የዩኒቨርሲቲ ስብስቦች በፎቶ በነፃ አስቀምጠዋል። የመጽሐፍሽ መካከለኛ ክፍል ይህ ቢሆን እመኛለሁ።

የሶስና እናት፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኅዳግ መጨረሻ ክፍል ጭራሽ ያላሰብኩት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አንባቢ መጽሐፉን የሚያነሣው ለወረርሽኙና ለመድፉ ታሪክ ብሎ ነው። ገና በመጀመሪያው ገጽ «ሐሰት ነው» ካልኩት መጽሐፉን አይዘጋውም? መዝሙሮቹንስ በአማርኛ በግጥም ልተርጉማቸው?

ባለ ማኅደር፦

ሐሰት ነው ብለሽ አትጀምሪ፤ ታሪኩን በሙሉ ክብሩ ንገሪው። የወረርሽኙን ለንደን፣ በሽተኛ ያለበትን ቤት ለማመልከት የተቀቡትን በሮች፣ ሬሳ የሚለቅመውን ጋሪ ጻፊ፤ እነዚህ እውነት ናቸው። ከዚያ «ይህን ታሪክ መጀመሪያ የተናገረው ማነው?» ብለሽ ወደ ኋላ መሄድ ጀምሪ። አንባቢ ተከትሎሽ ይሄዳል፣ ምክንያቱም አሁን የሚፈለግ ሰው አለ። ምዕራፉ 1,200 እስከ 1,500 ቃል ቢሆን ሩብ ያህሉ አፈ ታሪኩ፣ ግማሹ ፍለጋው፣ የቀረው የቀድሞው ቅጂና ሰዎች ታሪኩን ለምን እንደወደዱት ይሁን። ሁሉንም ምዕራፍ ግን በዚህ ቅርጽ አትሥሪ፤ ሦስተኛው ላይ አንባቢ መጨረሻውን ያውቀዋል። የኅዳግን የመድረክ ዘፈኖች ከማስረጃው ጀምረሽ ቀጥታ ወደ ፊት ተርኪ፤ እዚያ የሚፈርስ አፈ ታሪክ የለም።

ትርጉሙን በተመለከተ ቤት ለመምታት አትሞክሪ። ቤት ለመምታት ስትዪ ቃል ትለውጫለሽ፤ ክርክሩ ያለው ደግሞ ቃሉ ላይ ነው። የእንግሊዝኛውን ድምፅ በእኛ ፊደል አስቀምጪ፣ ከሥሩ ስንኝ በስንኝ ቀጥተኛ ትርጉም። ሁለት ቅጂ ስታወዳድሪ ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ አድርጊና የተለወጠውን ስንኝ ብቻ አድምቂው።

ማስታወሻ አያያዝሽንም አሁኑኑ አስተካክዪ። ለእያንዳንዱ መዝሙር አንድ ካርድ ወይም አንድ ረድፍ ያዢ፦ የራውድ ቁጥር፣ መጀመሪያ የተገኘበት ዓመትና መጽሐፍ፣ የዚያን ጊዜ ሙሉ ቃል፣ ትርጓሜው መጀመሪያ የተገኘበት ዓመትና ሰው፣ ያየሽው ፎቶ አድራሻ፣ ያየሽበት ቀን። በዓይንሽ ያላየሽውን በሌላ ቀለም ጻፊው። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድሽ በፊት ያ ቀለም ካርዱ ላይ ከቀረ ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣ።

ፊደል ለቃሚ፦

ስለ መብትና ሕትመት የጠየቁትን ልመልስ።

የመዝሙሮቹ ቃል የማንም አይደለም፤ የ18ኛና የ19ኛ መቶ ዘመን ጽሑፍ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ማተም ይቻላል። የሚከለከለው የአጥኚዎቹ ማብራሪያ ነው። ፒተር ኦፒ በ1982፣ አዮና ኦፒ በ2017 ስላረፉ በእንግሊዝ ሕግ፣ ጸሐፊ ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ የጋራ ሥራቸው ገና ለብዙ ዘመን ጥበቃ አለው። እውነታውን፣ ዓመቱንና የመጽሐፍ ስሙን መውሰድ ይችላሉ፤ እነሱ የጻፉትን አንቀጽ ተርጉሞ መለጠፍ ግን አይቻልም፤ ትርጉምም የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ጥበቃው ጸሐፊው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። መጽሐፉ በሁለት አገር የሚሸጥ ከሆነ ረጅሙን ጊዜ ይያዙ፣ ከጭቅጭቅ ይድናሉ።

ሥዕሎቹ ላይ ዕድለኛ ነዎት። ራንዶልፍ ካልደኮት በ1886፣ ኬት ግሪናዌይ በ1901፣ ዋልተር ክሬን በ1915፣ አርተር ራክሃም በ1939 አርፈዋል፤ ሥራዎቻቸው በእንግሊዝም ነፃ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ነፃ ነው። ነገር ግን ፎቶውን ያነሣው ቤተ መጻሕፍት የራሱ የአጠቃቀም ደንብ ሊኖረው ይችላል፤ ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ሳያነቡ አይውሰዱ፣ የቤተ መጻሕፍቱንም ስም ከሥዕሉ ጋር ያትሙ።

የሥዕሉ ጥራት ላይ ብዙ መጽሐፍ ይበላሻል። ከስክሪን ላይ የተነሣ ምስል ለሕትመት አይሆንም። ቀለም ያለው ሥዕል በሚታተምበት ስፋት በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሥዕል ወርዱ ቢያንስ 1,180 ፒክስል መሆን አለበት። በጥቁር መሥመር ብቻ የተሠራው የእንጨት ቅርጽ ሥዕል 600 ይፈልጋል፣ አለዚያ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ሲያወርዱ ፒዲኤፉን ሳይሆን ዋናውን የምስል ፋይል ይውሰዱ፤ ፒዲኤፉ ታምቆ ጥራቱን ያጣ ነው።

ፊደሉን በተመለከተ በዩኒኮድ ይጻፉ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፈ ነገር ካለዎት አሁኑኑ ያስለውጡት፤ ለሽያጭ ወደ ውጭ ድርጅት ሲላክ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባሉት ፊደሎች ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ ለንግድ መጽሐፍም ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ፒዲኤፍ ሲያወጡ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን በሰነዱ መግለጫ ያረጋግጡ። ለመጽሐፍ አካል 11 ወይም 12 ነጥብ፣ የመሥመር ርቀቱን ደግሞ ለእንግሊዝኛ ከሚደረገው ሰፋ ያድርጉት፤ የእኛ ፊደል ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ መሥመር ከመሥመር ይጨናነቃል። ግራና ቀኝ እኩል ሲያደርጉ በጠባቡ ሁለት ዓምድ ላይ በቃላት መካከል ነጭ ክፍተት ይበዛል፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ነውና። ለማወዳደሪያ ዓምዶቹ ግራውን ብቻ አሰልፈው ቀኙን ይልቀቁት።

አዲስ አበባ ከሆነ የሚያሳትሙት የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ብዙ ሰው እስካሁን ወመዘክር የሚለው። የኢትዮጵያ ቁጥር 978 ተብሎ በ99944 ይቀጥላል። አሜሪካ ከሆነ ባውከር ከተባለው ድርጅት ይገዛል። በፍላጎት የሚያትሙት የውጭ ድርጅቶች ደግሞ የሚቀበሏቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ስላላቸው፣ ሽፋንና ገጽ ከማዘጋጀትዎ በፊት አማርኛ መኖር አለመኖሩን ያንብቡ። ሥራው ካለቀ በኋላ ተመላሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለአገር ውስጥ ማተሚያ ቤት የገጹ ብዛት በ16 እንዲካፈል ያድርጉ፤ 160 ወይም 176 ገጽ ጥሩ ነው፣ 163 ገጽ ካደረጉ ለባዶ ወረቀት ይከፍላሉ።

ኅዳግ፦

ፊደል ለቃሚ ስለ ሁለቱ ዓምድ ያለው በጣም ጠቃሚ ነው።

የመጨረሻ ነገር። ምናልባት አንባቢ «የእኛዎቹስ?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ «እሹሩሩ»፣ «አኩኩሉ»፣ «እቴሜቴ»። ጥያቄውን በአንድ ምዕራፍ ልመልስ ብለሽ አትቸኩዪ። ለእንግሊዝኛዎቹ ከ1744 ጀምሮ የታተመ ማስረጃ አለ፤ ለእኛዎቹ የተጻፈው ጥቂትና ዘግይቶ የመጣ ነው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በርሊን ባስተማሩበት ዘመን አካባቢ ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ የአማርኛ የቃል ግጥሞችንና የልጆች ጨዋታዎችን አሳትሟል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥም የፎክሎር የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ከእነዚህ ተነሥቶ ቃሉን መመዝገብ ይቻላል። ለ«እሹሩሩ» የጦርነት ወይም የረሃብ መነሻ መስጠት ግን በ«ሪንግ ኤ ሪንግ» ላይ የተደረገውን በራሳችን ላይ ማድረግ ነው። ከየአካባቢው አረጋውያን ቅጂዎችን ከነቦታቸውና ከነቀናቸው ብትቀጂ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይሆንሻል፤ ለዚህኛው የእንግሊዝኛዎቹ ይበቃሉ።

ከሠላሳው ለመጀመር «ባ ባ ብላክ ሺፕ»ን ምረጪ። የ1744ቱ መጽሐፍ ቅጂ ብሪቲሽ ላይብረሪ አለ፣ ስለ እሱ የተጻፈውም ብዙ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት በቀላሉ ታገኛለሽ። ያን ምዕራፍ ጽፈሽ ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ ዓመቶቹን አብረን እንፈትሻቸዋለን።